ሸሪፍ ሥልጣን ሲለቅ ያላለቀው ወረቀት እንዴት ይረካከባል?

ጃንዋሪ 4 ቀን ጠዋት ነው። አዲሱ ሸሪፍ ሥራ ከጀመሩ ገና አራተኛ ቀናቸው። አንዲት እናት ከመስኮቱ ማዶ ቆመዋል። አማርኛ የሚናገር ሰው እንዳለ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ደረሰኝ አወጡ። 600 ዶላር ይላል።

«ልጄ፣ ይሄን ከፍያለሁ። አሁን ደግሞ ምንም አልከፈልሽም፣ እቃሽ ሐራጅ ይወጣል ይሉኛል።»

ትንሽ ሱቅ አላቸው። ዕዳ ክፈዪ ተብሎ ተፈርዶባቸዋል። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ምክትል ሸሪፍ መጥቶ ማቀዝቀዣቸውንና ሚዛናቸውን መዝግቦ ሄደ። በማግስቱ እጃቸው ላይ ያለውን ይዘው መጥተው ከፈሉ። ደረሰኙ ላይ ያለው የቀድሞው ሸሪፍ ስም ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ክፍያው የለም። ፋይሉ ውስጥም የለም።

ገንዘቡ አልጠፋም ነበር። ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ ካዝናው ውስጥ በላስቲክ ታስሮ፣ ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ተገኘ። ሁለት ቀን ግን ሱቃቸው ሊወሰድ ነው ብለው ለሚያስቡ እናት ረጅም ነው። የርክክብ ሰነዱን አውጥቼ አየሁት። «የሲቪል ወረቀቶች፣ 3 ሣጥን» ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የሸሪፍ ቢሮ የሲቪል ክፍል፣ ማለትም የፍርድ ቤት መጥሪያና ትእዛዝ በሚያደርሰውና በሚያስፈጽመው ክፍል ውስጥ፣ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው በየካውንቲው በምክትል ሸሪፍነትም፣ በጸሐፊነትም ለምትሠሩ ወገኖቼ ነው። መጨረሻ ላይ ወረቀታቸው እዚያ ቢሮ ላለ ሰዎችም ጥቂት አለኝ። ዓመት፣ ወርና ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ፣ ነገሩ ለምን ይከብዳል?

አገር ቤት ፍርድ የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው። ሠራተኛው ቢቀየርም መዝገቡ እዚያው ቤት ይቀራል። እዚህ አሜሪካ ግን ትእዛዙ የሚጻፈው ለሸሪፉ ነው። ሸሪፍ ደግሞ በሕዝብ የሚመረጥ ሰው ነው። ለሥራው ዋስትና የሚገባው በራሱ ስም ነው። ምክትሎቹ የሚፈርሙት በእሱ ስም ነው። ሲሄድ «የእሱ» የነበረው ሁሉ የማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ቨርጂኒያ 95 ካውንቲና 38 ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች አሏት። ሸሪፍ የሚመረጠው ለ4 ዓመት ነው። ካውንቲዎቹ በኖቬምበር 2023 መርጠዋል፤ ቀጣዩ 2027 ነው። ተመራጩ ጃንዋሪ 1 ቀን ይጀምራል። በፌርፋክስ፣ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ ወንጀል የሚከታተለው ፖሊስ ነው። ሸሪፉ እስር ቤቱን፣ የፍርድ ቤቱን ጥበቃና የፍርድ ቤት ወረቀቶችን ይይዛል። ላውደን ላይ ሁሉም በሸሪፉ እጅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሸሪፍ የለም፤ ተከራይ የሚያስለቅቁት የፌዴራል ማርሻሎች ናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዲሲን አይመለከትም።

ደረጃ 1፦ ሕጉን ሳታነቡ መቁጠር አትጀምሩ

ብዙ ቢሮ ርክክብን በቆጠራ ይጀምራል። የትኛው ወረቀት ለተተኪው እንደሚተላለፍ፣ የትኛው ከቀድሞው ጋር እንደሚቀር ሳታውቁ ከቆጠራችሁ ግን ሁለተኛ መቁጠራችሁ አይቀርም።

ነገሩ ሥሩ እንግሊዝ ነው። እዚያ ሃይ ሸሪፍ የሚሾመው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ሰውዬው በየዓመቱ ይቀየራል፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግን ዓመት ጠብቆ አያልቅም። ስለዚህ ዳኞቹ አንድ ደንብ ይዘው ኖሩ፦ አፈጻጸም የማይከፋፈል አንድ ሥራ ነው፤ የጀመረው ይጨርሰው። እቃ የያዘ ሸሪፍ ሥልጣኑን ቢለቅም፣ እቃውን ሸጦ ገንዘቡን የሚያስገባው እሱ ነበር። ያልተጀመረው ለተተኪው ይሄዳል።

በ1887 የወጣው የእንግሊዝ የሸሪፎች ሕግ ደግሞ ርክክቡን ራሱን በጽሑፍ አስቀመጠ። ወጪው፣ ማለትም ሥልጣን የሚለቀው ሸሪፍ፣ በእጁ ያሉትን እስረኞችና ሙሉ በሙሉ ያልተፈጸሙትን ትእዛዞች ዘርዝሮ ይፈርማል። ተተኪው ጉዳዩን እንዲረዳ የሚያስፈልገውን ማብራሪያ ሁሉ ይጨምርበታል። ተተኪው ቅጂውን ፈርሞ ይመልስለታል። ያ ፊርማ ወጪውን ነጻ ያወጣዋል፤ ኃላፊነቱ ወደ ገቢው፣ ወደ ተተኪው ሸሪፍ፣ ይዞራል።

ይህን ሳነብ የገረመኝ «ማብራሪያ» የሚለው ነው። ዝርዝር ብቻ አይበቃም ማለታቸው ነው። ተተኪው ወረቀቱን አይቶ ነገሩ የት እንደቆመ ማወቅ አለበት። የእኛ «3 ሣጥን» ይህን ፈተና አያልፍም።

የአሜሪካ ግዛቶች የእንግሊዙን ደንብ ወረሱ። ከዚያ እያንዳንዱ በየራሱ አሻሻለው። አንዳንዱ ጋ የጀመረው ሸሪፍ ይጨርሳል። ሌላው ጋ ሁሉም ለተተኪው ይተላለፋል፣ እሱ የሚፈርመውም የቀድሞው እንደፈረመው ይቆጠራል። ስለዚህ የግዛታችሁን ሕግ አንብቡ፤ ከዚያ ለካውንቲው ጠበቃ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። እቃ ከተያዘ በኋላ ሸሪፉ ቢለቅ ማን ይሸጣል? ቤት ተሸጦ የባለቤትነት ሰነዱ ሳይፈረም ቢለቅ ማን ይፈርማል? በዲሴምበር የደረሰ መጥሪያ መልሱ (ለማንና መቼ እንደደረሰ ለፍርድ ቤቱ የሚገልጸው ወረቀት) በጃንዋሪ ሲጻፍ በማን ስም ይሁን? መልሱን የርክክብ ማህደሩ የመጀመሪያ ገጽ አድርጉት። በቃል የተሰጠ መልስ ከተናገረው ሰው ጋር ተያይዞ ይሄዳል።

የቤቱ ጥያቄ በኒው ጀርሲ፣ በፔንሲልቬንያና በኦሃዮ ላላችሁ በተለይ ይመለከታችኋል። እዚያ ባንክ የወረሰውን ቤት በሐራጅ የሚሸጠው ሸሪፉ ነው። ፔንሲልቬንያ ላይ ቤት ከተሸጠ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ለማን ምን ያህል እንደሚከፋፈል የሚያሳይ ሰንጠረዥ መውጣት አለበት። ሽያጩ የሥልጣን ዘመኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከተካሄደ፣ ሰንጠረዡ በአዲሱ ሰው ጊዜ ላይ ይወድቃል። ማንም ሳይነግረው እንዴት ያውቃል?

ደረጃ 2፦ ቆጠራ፣ ከመኪናው ጀምሮ

ከመልቀቂያው ቀን 60 ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። 30 ቀን ይበቃል የሚል ሰው የገና ሳምንታትን ረስቷል።

ኮምፒዩተሩ ላይ «ያልተዘጋ» የሚለውን ሁሉ አትሙ። ከዚያ ወረቀቱን በእጃችሁ እየያዛችሁ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ። ዝርዝሩ ላይ ያለ፣ ወረቀቱ ግን የሌለ ታገኛላችሁ። ወረቀቱ ያለ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የሌለም ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ። ፈልጋችሁ እስክታገኙት ድረስ «ተገኝቷል» አትበሉ።

ቢሮውን ስትጨርሱ ወደ መኪና ማቆሚያው ውረዱ። ይህ ቀልድ አይደለም። መጥሪያ የሚያደርስ ምክትል ሸሪፍ ቀኑን የሚያሳልፈው መኪና ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ሄዶ ሰው ያጣበት ወረቀት በፀሐይ መከላከያው ሥር፣ በበሩ ኪስ፣ በወንበሮቹ መሐል ይቀመጣል። አንድ ዓመት ከአንድ መኪና ብቻ 11 ወረቀት አውጥተናል። ልጁ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ ሰዎቹን ማታ ማታ እየሄደ ሊያገኛቸው አስቦ ነው። ግን ጃንዋሪ 1 ላይ ሌላ ክፍል ሊመደብ ነበር። ባንወርድ ኖሮ እነዚያ 11 ሰዎች ፍርድ ቤት መጠራታቸውን ሳይሰሙ ቀጠሯቸው ያልፍ ነበር።

ደረጃ 3፦ በመዝገብ ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ደርድሩ

አዲሱ ሸሪፍ መጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው የትኛው ወረቀት ቶሎ እንደሚሞት ነው። የቨርጂኒያን ላሳያችሁ፤ የእናንተ ግዛት ቁጥሮች ይለያያሉ፣ አደራደሩ ግን ያው ነው።

ከላይ በሰዓት የሚቆጠሩት ይቀመጣሉ። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ለምርመራ ለማምጣት የሚወጣው አስቸኳይ ትእዛዝ በ8 ሰዓት ውስጥ ካልተፈጸመ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜያዊ የማቆያ ትእዛዝ ለመፈጸም 24 ሰዓት አለው። እንዲህ ያለ ወረቀት እኩለ ሌሊት ላይ በእጃችሁ ካለ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ፣ በስም ተጠርቶ ይተላለፋል።

ቀጥሎ የጥበቃ ትእዛዞች ናቸው፤ ብዙዎቻችን ፕሮቴክቲቭ ኦርደር የምንለው። ሰውየው እንዳይቀርባት የተከለከለላት ሴት ትእዛዙ እንደደረሰው አምና ተኝታለች። ካልደረሰው ግን በጣሰ ጊዜ «አልሰማሁም» ይላል። ሙሉ ችሎቱ እስኪደርስ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ቀጠሮው በ15 ቀን ውስጥ ነው፤ በዓሉ ከመሐሉ ሲቀነስ ጥቂት የሥራ ቀን ነው የሚተርፈው። እነዚህን ለብቻቸው በአንድ ቀይ ማህደር አድርጓቸው። ስንት ጊዜ እንደተሞከረ፣ ሰውየው የት እንደሚሠራ፣ መኪናው ምን እንደሆነ ጻፉ። ከደረሰው ደግሞ በግዛቱ የፖሊስ መረጃ ሥርዓት ላይ መግባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። እኔ ይህን ክፍል ለሌላ ሰው አልሰጥም፤ ራሴ ነው የማየው።

ከዚያ ቤት ማስለቀቅ ይመጣል። ቨርጂኒያ ላይ የማስለቀቅ ትእዛዝ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ተከራዩም ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ማወቅ አለበት። ብዙ ቢሮዎች በገና ሰሞን ሰው ከቤት አያስወጡም፤ ደግ ልማድ ነው። ቀኑ ግን መቆጠሩን አያቆምም። ዲሴምበር 8 የወጣ ትእዛዝ ጃንዋሪ 7 ያበቃል። ይህን በጉልህ ካልጻፋችሁ አዲሱ ቢሮ ወይ ጊዜው ያለፈበትን ትእዛዝ ይዞ ቤት ያስለቅቃል፣ ወይ አከራዩን እንደገና ያስከፍለዋል።

መጨረሻ ላይ ረጅሞቹ አሉ። በቢሮ ቋንቋ «ፋይፋ» የምንለው የዕዳ ማስፈጸሚያ ትእዛዝ 90 ቀን አለው። እዚህ ላይ አንድ የማይነካ ነገር አለ። ትእዛዙ ቢሮ ሲገባ ቀኑና ሰዓቱ ጀርባው ላይ ይጻፋል። በአንድ ባለዕዳ ላይ ሁለት ሰው ቢያስፈርድ ቀድሞ ያመጣው ነው የሚቀድመው። በርክክብ ቀን ሁሉንም ወረቀት አዲስ «ገቢ» ማህተም የሚመታ ጸሐፊ አይቻለሁ። ሥርዓት ለማስያዝ አስቦ ነው። ግን ባለማወቅ የሰውን ተራ አጠፋ። የድሮው ማህተም ይቆይ። የርክክቡን ቀን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ አንቀጽ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለእኚያ እናት ፋይል መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር፦

«የዕዳ ማስፈጸሚያ። የወጣው ኖቬምበር 29። ቢሮ የገባው ዲሴምበር 2፣ ጠዋት 9:40። የሚያበቃው ፌብሩዋሪ 27። ዲሴምበር 27 ሱቁ ውስጥ እቃ ተይዟል፦ ባለሁለት በር ማቀዝቀዣ አንድ፣ ዲጂታል ሚዛን አንድ። ፎቶ ተያይዟል። እቃው አልተነሳም፣ እዚያው ነው። ዲሴምበር 28 ባለዕዳዋ 600 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ከፍለዋል። ደረሰኝ ተሰጥቷል፣ ቁጥሩ ተያይዟል። ገንዘቡ ባንክ አልገባም፣ ካዝና ሁለተኛ መደርደሪያ። ባለመብቱ (ያስፈረደው ሰው) ገና አልተነገረውም። የቀረ ሥራ፦ ገንዘቡን ማስገባት፣ ለባለመብቱ መደወል። ከዚያ በፊት ሐራጅ አይወጣም። ባለዕዳዋ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው፣ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።»

ለመጻፍ 5 ደቂቃ ይፈጃል። 200 ወረቀት ካላችሁ ወደ 17 ሰዓት ማለት ነው። 60 ቀን ያልኩት ለዚህ ነው። መጥሪያ ብቻ ለሆነው ያጠረ ይበቃል፤ መቼ ተሄደ፣ ማን ተገኘ፣ ውሻ አለ ወይ፣ ቀጠሮው መቼ ነው። «የቀረ ሥራ» የሚለውን መስመር ግን ከየትኛውም ላይ አታስቀሩት። ባዶ ከሆነ እንኳ «ምንም» ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ የተያዘ እቃና ገንዘብ

እቃውን ሄዳችሁ እዩት። ወረቀቱ መጋዘን ነው ቢል መጋዘን ሂዱ። የተጎተተ መኪና ካለ ማቆሚያው በየቀኑ ሒሳብ እየቆጠረ ነው፤ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ጻፉ። ባለመብቱ እቃ ሲያስይዝ ያስገባው የዋስትና ሰነድ ካለ ዋናውን ከፋይሉ ጋር አያይዙ። ሐራጅ ቀን ተቆርጦ ከተለጠፈ ማስታወቂያው ላይ የማን ስም እንዳለ ተመልከቱ። የካውንቲው ጠበቃ የሰጣችሁ መልስ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ገንዘብ ላይ አንድ ሰው ብቻውን አይቁጠር። ሁለት ሰው፣ አንዱ ከወጪው፣ አንዱ ከገቢው ወገን። አገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፦ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ታዛቢ። ያ ሥርዓት እዚህም ይሠራል። ታዛቢውን ከካውንቲው ፋይናንስ ክፍል ጋብዙ።

በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ከመልቀቂያው በፊት ባንክ ይግባ። ሳይገባ የቀረ ካለ በፖስታ ታሽጎ፣ የፋይሉ ቁጥርና የከፋዩ ስም ተጽፎበት፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት። በላስቲክ ማሰር ይቅር። የደረሰኝ ጥራዞችን የመጨረሻ ቁጥር መዝግቡና ባዶዎቹን በመስመር ሰርዟቸው፤ በቀድሞው ሸሪፍ ስም አዲስ ደረሰኝ እንዳይቆረጥ። ባንክ ሂሳቡ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እነማን እንደሆኑ ከባንኩ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። እስረኞች ሳሙናና ሩዝ የሚገዙበት ሂሳብም የሰው ገንዘብ ነው፤ ሳንቲሙ ሳይቀር ከየስማቸው ጋር ይመሳከር።

ደረጃ 6፦ እስረኞች

የእስር ቤት ክፍሉ የራሱ አሠራር ስላለው አላረዝመውም። በመረካከቢያው ሰዓት ጭንቅላት ይቆጠር፣ የእጅ አምባሩ ከስም ዝርዝሩ ጋር ይመሳከር። ሆስፒታል ያለው፣ ሌላ ካውንቲ የተላከው፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚታሰረው አይረሳ። እያንዳንዱ በየትኛው ትእዛዝ እንደተያዘና መቼ እንደሚወጣ ይጻፍ። በተለይ በጃንዋሪ የመጀመሪያ 10 ቀን የሚፈቱትን ለብቻ አውጡ። ቀኑ አልፎ አንድ ሌሊት ከእስር ቤት ያደረ ሰው ያንን ሌሊት የሚመልስለት የለም።

ደረጃ 7፦ መሐላው

የምክትል ሸሪፍ ሹመት ከሾመው ሸሪፍ የሥልጣን ዘመን ጋር ያበቃል። ብዙ ልጆች ይህን የሚሰሙት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ሸሪፉ በድጋሚ ቢመረጡ እንኳ እንደገና ይሾማሉ፣ እንደገና ይምላሉ። በ2009 ምርጫ የቨርጂኒያዋ ሃምፕተን ከተማ ሸሪፍ በድጋሚ አሸንፈው አንዳንድ ሠራተኞችን ሳይሾሙ ቀሩ፤ ከእነሱ 6ቱ ከሰሱ። አንዱ የተፎካካሪውን የፌስቡክ ገጽ «ላይክ» አድርጎ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2013 የአራተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት «ላይክ» ማድረግም በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ ንግግር ነው አለ።

ለርክክቡ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ያልማለ ምክትል ጃንዋሪ 1 ላይ ያደረሰው መጥሪያ ጠበቃ ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ የሌሊት ፈረቃው መሐላ በሰዓቱ እንዲፈጸም ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማን በስንት ሰዓት እንደማለ ዝርዝሩን ማህደሩ ውስጥ አስገቡ። ዩኒፎርሙን አድርጎ፣ ባጁን ይዞ፣ ግን ሳይምል የሚሠራ ሰው እንዳይኖር።

ደረጃ 8፦ ፊርማው

ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አትሙ። ወጪው ይፈርማሉ፣ ገቢው ይፈርማሉ፣ ሰዓቱ ይጻፋል። አንዱ ቅጂ ቢሮ ይቀራል፤ አንዱን ወጪው ይዘው ይሄዳሉ። ይህን የምለው ለወጪው ሸሪፍ አዝኜ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰው «እቃዬን ያዝክ፣ አልመለስክም» ብሎ ቢከስ፣ ቤታቸው ያለችው ያቺ ወረቀት ብቻ ናት የምትደርስላቸው።

ገቢው ሸሪፍ ያላዩትን አይፈርሙ። የጎደለ ነገር ካለ ከፊርማቸው በላይ በራሳቸው እጅ ይጻፉ። ይህ ስድብ አይደለም፤ ወጪውም ሊቀየሙ አይገባም።

በዲሴምበር መጨረሻ ያለው የመልስ ወረቀት ጉዳይ ብዙ ያምታታል። መጥሪያ ካደረሳችሁ በኋላ ቨርጂኒያ ላይ መልሱን በ72 ሰዓት ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ትመልሳላችሁ። ዲሴምበር 31 ከሰዓት በኋላ የደረሰ ወረቀት መልሱ ጃንዋሪ ላይ ነው የሚገባው። ያደረሰው ምክትል ያደረሰበትን ትክክለኛ ቀን ይጻፍ፤ የሸሪፉ ስም ላይ የካውንቲው ጠበቃ ያለውን ተከተሉ። ቀኑን ግን ለማንም ስትሉ አታዘዋውሩ። ይቻል ከሆነ ደግሞ ዲሴምበር 30 እና 31 የደረሱትን እዚያው ቀን መልሳቸውን ጨርሱ፤ ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

ሸሪፉ በድንገት ቢለቁስ?

ሁሉም በምርጫ አይሄድም። ጡረታ አለ፣ ሞት አለ። ቨርጂኒያ ላይ ቦታው በመሐል ሲለቀቅ ምርጫ እስኪደረግ ሥራውን የሚይዘው ከፍተኛው ምክትል ነው። የአርሊንግተንን ሸሪፍ ቢሮ ከ2000 ጀምሮ የመሩት ሸሪፍ ቤዝ አርተር በ2022 መጨረሻ ጡረታ ሲወጡ፣ ምክትላቸው ሆዜ ኪሮዝ ሥራውን ያዙ፤ በ2023 ምርጫም አሸነፉ። እንዲህ ሲሆን «ያው የቤት ሰው ናቸው» ተብሎ ርክክቡ ይዘለላል። አትዝለሉት። ኃላፊነቱ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ዞሯል። ወጪው በሕይወት ከሌሉ ደግሞ አስረካቢ የለም፤ ስለዚህ ቆጠራውን ካውንቲው ከሚወክለው ታዛቢ ጋር በዚያው ሳምንት አድርጉ።

በመጀመሪያው ሳምንት

ለየፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የተላለፉትን መዝገቦች ዝርዝር ላኩ። እቃ ለተያዘባቸውና ሐራጅ ለሚጠብቁ ሁሉ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ሸሪፉ ተቀይረዋል፣ ጉዳይዎ እዚህ ደርሷል፣ የሚደውሉት እዚህ ነው። ለቀድሞው ሸሪፍ የሚደወልበትን ስልክ ከማህደሩ ፊት ለፊት ለጥፉ። ቢያንስ ለ90 ቀን ጥያቄ ይኖራችኋል።

ወረቀታችሁ እዚያ ቢሮ ከሆነ

ሸሪፍ መቀየሩ ዕዳን አይሰርዝም፣ የማስለቀቅ ትእዛዝንም አያፈርስም። «አዲስ ሸሪፍ ገብቷል፣ ነገሩ አበቃ» የሚላችሁን አትስሙ። ክሱን ያመጣችሁት እናንተ ከሆናችሁም መብታችሁ አልጠፋም።

በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት የመዝገብ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ደውሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ወረቀቴ በማን እጅ ነው፣ የሚያበቃው መቼ ነው፣ የከፈልኩት ተመዝግቧል ወይ። የጥበቃ ትእዛዝ የወጣላችሁ ከሆነ ግን እስከ ሳምንቱ አትጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን ደውላችሁ ለሰውየው ደርሶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

ደረሰኛችሁን ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የዚያ ወረቀት ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል። ካዝናው ውስጥ ከሌላ ሰው ፋይል ጋር የታሰረው 600 ዶላር ላይ ስም አልተጻፈበትም ነበር። የእናትየዋ መሆኑን ያወቅነው ይዘውት በመጡት ደረሰኝ ላይ ባለው ቁጥር ነው።